ላይክ አደረግኩላት እንጂ አልደወልኩላትም

አገር ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት የለጠፍኩትን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ አሳየችኝ። በረዶ ላይ ቆሜ እስቃለሁ። ከኋላዬ የማላውቀው ሰው መኪና ቆሟል።

«ያኔ ከሥራ ወጥቼ ነበር። ልደውልልህ ብዬ ይቺን ሳይ ተውኩት። ደስ ብሎት ባለበት ምን አስጨነቀኝ አልኩ።»

ያንን ሰሞን አስታውሰዋለሁ። ከሥራ ገብቼ ከማንም ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ነበር የምተኛው። የእሷን ፎቶዎች ግን አንድም አላለፈኝም፤ ሁሉንም ላይክ አድርጌያለሁ። ደህና መሆኗን ያወቅኩ መስሎኝ ነበር።

ጥናቶቹን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ 82 ወጣቶችን ለ14 ቀን፣ በቀን 5 ጊዜ፣ በስልክ መልእክት ስሜታቸውን ይጠይቋቸው ነበር። በመሃል ፌስቡክ ላይ ብዙ የቆየ ሰው በሚቀጥለው ጥያቄ ስሜቱ ወረድ ብሎ ተገኘ። ከሰው ጋር በአካል ወይም በስልክ ማውራት እንዲህ አላደረገም። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞይራ በርክና ሮበርት ክራውት የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን አጠኑ፤ በርክ ያኔ የዚያው ኩባንያ ተመራማሪ ነበረች። የቅርብ ሰው አስቦ የጻፈላቸው መልእክት ከተሻለ ስሜት ጋር አብሮ ተገኘ። ላይክ ግን ምንም ለውጥ አላሳየም።

ውጭ ያለነውን ይሄ ይበልጥ የሚነካን ይመስለኛል። ማታ ማታ የአገር ቤት ሰው ፎቶ ሳይ ሁሉም ያለ እኔ ተሰብስቦ የሚስቅ ይመስለኛል። እነሱ ደግሞ የእኛን እያዩ ወደ ኋላ የቀሩ ይመስላቸዋል። ልዩነቱ አንድ ነው። አገር ቤት ስልኩን አስቀምጠህ ቀና ስትል ፊትህን አይቶ «ምነው?» የሚልህ ሰው አጠገብህ አለ። እዚህ ፊቴ ቢጠቁር የሚያየው የለም። ስክሪኑ አይጠይቅም።

አሁን ከእህቴ ጋር እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። ባለፈው ሳምንት ስለ ሌላ ነገር እያወራን ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለብኝ።

«ምነው?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ስልኩን የዘጋነው ከአንድ ሰዓት በላይ አውርተን ነው።