እርዳታ ለማግኘት መጀመሪያ ይሠራ?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ያላቸው ድሃ ቤተሰቦች ከ1935 ጀምሮ ከመንግሥት የገንዘብ እርዳታ ያገኙ ነበር። ቢል ክሊንተን በኦገስት 1996 የፈረሙት ሕግ ይህን አስቀረና «ለችግረኛ ቤተሰቦች ጊዜያዊ እርዳታ» የሚባል ፕሮግራም ተካ። ሥራ ግዴታ ሆነ። በፌዴራል ገንዘብ መረዳትም በዕድሜ ዘመን 60 ወር ብቻ ተባለ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ሜዲኬይድ የሚባለውን የጤና ሽፋን ለሚያገኙ ብዙ አዋቂዎች በወር የ80 ሰዓት ሥራ፣ ትምህርት ወይም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዴታ አድርጓል። ነገሩ ያኔም ያከራክር ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ደጋፊ፦ የድሮውን አሠራር እናስታውስ። አንዲት እናት ሥራ ከጀመረች ጥቂት ወራት በኋላ ደሞዟ የጨመረውን ያህል እርዳታው ይቀነስባት ነበር። ትራንስፖርትና ሞግዚት ሲታሰብማ ጭራሽ ኪሳራ ነው። ቤት መቀመጧ ስንፍና አይደለም፤ ሂሳቡ ነው ያስቀመጣት። አዲሱ ሕግ ሲመጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረጂዎች ከግማሽ በላይ ቀነሱ። ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች በብዛት ሥራ ገቡ። በ1993 22.7 በመቶ የነበረው የሕፃናት ድህነት በ2000 ወደ 16.2 ወረደ። የሰው እጅ ማየት የሚወድ የለም፤ በሩን መክፈት ነበር የቀረው።

ተቃዋሚ፦ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን እርስዎ ራስዎ የቆጠሩት ከ1993 ነው፤ ሕጉ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር! ያኔ ኢኮኖሚው አድጎ ሥራ እንደ ልብ ይገኝ ነበር። ለዝቅተኛ ደሞዝተኞች የሚሰጠው የግብር ተመላሽም በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ ከፍ ተደርጓል። ደግሞስ ተረጂ ቀነሰ ማለት ድሃ ቀነሰ ማለት ነው? በ1996 ልጅ ካላቸው 100 ድሃ ቤተሰቦች ለ68ቱ እርዳታው ይደርስ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ለ20 ገደማ ብቻ ነው። ለግዛቶች የሚከፋፈለው 16.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማም ከዋጋ ንረት ጋር አላደገም። ከዚያው ላይ ሚሲሲፒ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ቮሊቦል አዳራሽ ተሠራበት። እናትየዋ ሰዓቷ ሲቆጠር ገንዘቡን የሚቆጥር ጠፋ።

ደጋፊ፦ የሚሲሲፒው ዐይን ያወጣ ቅሌት ነው፤ አልከላከልለትም። የግብር ተመላሹን ማንሳትዎ ግን ለእኔ ነው የጠቀመኝ። እሱም የሚሰጠው ለሠራ ሰው ነው። ሌሊቱን ቢሮ ስታጸዳ የምታድር ሴት ግብር ትከፍላለች። «መሥራት የሚችል ሰው ባይሠራም አንቺ ክፈይለት» ብለው እንዴት ያሳምኗታል? እሷ ካላመነችበት ፕሮግራሙ አይሰነብትም።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው ያቺን ጽዳት ሠራተኛ እንውሰዳት። አርካንሳስ በ2018 በሜዲኬይድ ላይ ይህንኑ የ80 ሰዓት ግዴታ ጣለች። ሰዓቱ በየወሩ በኢንተርኔት ይመዘገብ ተባለ። ድረ ገጹ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ዝግ ነበር። እየሠራች አድራ፣ ደክሟት ስትተኛ ነው የሚከፈትላት። በጥቂት ወራት ከ18,000 በላይ ሰዎች ሽፋናቸውን አጡ። ተመራማሪዎች ሲያጣሩ ሥራ የያዘው ሰው ቁጥር አልጨመረም። ግዴታው ከነካቸው ሰዎች አብዛኞቹ ድሮም የሚሠሩ ወይም ከግዴታው ነጻ መሆን የሚገባቸው ነበሩ። በማርች 2019 ፍርድ ቤት አስቆመው።

ደጋፊ፦ ያ የድረ ገጽ ችግር ነው፤ ይስተካከላል። መንግሥት የቀጣሪዎችን የደሞዝ መዝገብ አይቶ ራሱ ያመሳክር። ቅጽ ባለመሙላት ማንም አይቆረጥ።

ተቃዋሚ፦ በቀን ሥራ የምትኖረው፣ ቤት ለቤት የምታጸዳው በየትኛው ቀጣሪ መዝገብ ላይ ትገኛለች? እናቷን የምታስታምመውስ?

ደጋፊ፦ አስታማሚዎችን የ2025ቱ ሕግም ነጻ ያደርጋል።

ተቃዋሚ፦ ያደርጋል። አስታማሚ መሆኗን መንግሥት በራሱ ካላወቀ ግን ያው ቅጽ መሙላቷ ነው።