ገና ማሲንቆው ሲገባ!

ዛሬ ይሄን ነገር ሳልናገር አላድርም። ትላንት ማታ እቃ እያጠብኩ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው የሰነበተውን አንድ አዲስ ዘፈን ከፈትኩ። የማን እንደሆነ አልጠራም፣ ልጁን እወደዋለሁ፣ ድምፁም አንጀት የሚበላ ነው። በክራር ይጀምራል፣ ቅኝቱ ባቲ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ልጁም ሳይጮህ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ደስ ሲል። ሁለተኛው አዝማች እንዳለቀ ከኋላ ማሲንቆ መጣ። በስሱ። አንዴ ጎተት አርጎ ለቀቀው፣ ደግሞ ጎተተ፣ እኔ እጄ ሳሙና እንደሆነ ቆሜ ቀረሁ፣ በቃ አሁን ሊጀምር ነው ብዬ፣ ከዛ ጸጥ። ቀጥሎ የሳሙና ማስታወቂያ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ እጄን በሽርጤ ጠርጌ ስልኩን አየሁት፣ 2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ይላል። አልቋል። ዘፈኑ ያ ነው።

ኧረ በፈጣሪ! ማሲንቆ የሚያህል ነገር ስቱዲዮ ድረስ አስመጥታችሁ፣ ሰውየው መቃኛውን አስተካክሎ፣ ደጋኑን ሙጫ አስነክቶ፣ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ብቻ ጎትቶ ነው የሄደው? አይመስለኝም። ማሲንቆ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ጎትቶ አይነሳም። ተጫውቷል እኮ፣ የሆነ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ቆርጠውት ነው።

ይሄ ደግሞ የአንድ ዘፈን ነገር አይደለም። ሰሞኑን የሚወጡትን ተመልከቷቸው፣ ሁለት ደቂቃ ከምናምን፣ ሁለት ተኩል፣ ሦስት ከደረሰ ረጅም ተባለ። ኢንትሮ የሚባል ነገር ጠፍቷል፣ ዘፋኙ ከመጀመሪያው ሰከንድ አዝማቹን ይዞ ዱብ ይላል። የመሣሪያ ሶሎ ጠፍቷል። ሦስተኛ ግጥም ጠፍቷል። አንድ ቅንብር የሚሠራ የማውቀው ልጅ አለ፣ ለምንድነው እንዲህ የምታረጉት ብዬ ስጠይቀው "ሰው አይታገስም፣ ወዲያው ስኪፕ ነው የሚያረገው" አለኝ። በነዚህ ስትሪሚንግ በሚባሉት ደግሞ፣ ለምሳሌ ስፖቲፋይ ላይ፣ አንድ ዘፈን 30 ሰከንድ ከተሰማ እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራል፣ ሁለት ደቂቃም ይሁን ስምንት ደቂቃ ቆጠራው ያው አንድ ነው። ታዲያ ለምን ስምንት ደቂቃ ይለፋል? አጭር ከሆነ ደግሞ ሰው መልሶ ይከፍተዋል፣ ሌላ ቁጥር። ቲክቶክ ላይ የሚፈለገው ያቺ ለጭፈራ የምትሆን አዝማች ብቻ ናት። ሒሳቡ ገብቶኛል። ልጆቹ እንጀራቸው ነው፣ እሱም ይገባኛል። ግን ሒሳቡ ስለገባኝ ንዴቱ አልበረደልኝም፣ እንደውም ባሰብኝ፣ ምክንያቱም ዘፈኑ ያለቀው ሐሳቡ ስላለቀ ሳይሆን ቆጠራው ስለሞላ ነው ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰው "ድሮም እኮ ዘፈን አጭር ነበር" ይለኛል። እውነት ነው፣ አልክድም። ከመቶ ዓመት በፊት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ሲያስቀዱ የዛን ጊዜው ሸክላ በአንድ ገፁ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ምናምን ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን ከፍቶ እነዛን ወርቅ የሆኑ ትናንሽ ሸክላዎች ሲያሳትምም ያው ነው፣ ትንሿ ሸክላ በአንድ ጎኗ ብዙ አትሸከምም። ግን እስቲ አውጥታችሁ ስሟቸው! በዛች ሦስት አራት ደቂቃ ውስጥ የነሐሱ መግቢያ አለ፣ ግጥሙ አለ፣ መሀል ላይ ሳክስፎኑ ወጥቶ የራሱን ያወራል፣ ተመልሶ አዝማች፣ ከዛ መዝጊያ። ቦታው ጠባብ ነው ብለው አንድም ክፍል አልጣሉም። ጠባብ ቤት ውስጥ ሙሉ ቤተሰብ ነበር። አሁን ቦታው ገደብ የለውም፣ ሸክላ የለ፣ ካሴት የለ፣ የአንድ ሰዓት ዘፈን ብትጭኑ የሚከለክላችሁ የለም፣ እኛ ግን ዘፈኑን ቆርጠን ባዶ ቤት እናሳያለን።

የድሮዎቹም ቢሆን የሚያናድደኝ አንድ ነገር አላቸው፣ እየራቀ እየራቀ የሚጠፋው አጨራረስ። ፌድ የሚሉት። ባንዱ ገና ሲሞቅ፣ ዘፋኙ የተጻፈውን ግጥም ጨርሶ ከራሱ ማውጣት ሲጀምር፣ አንዱ ድምፁን በእጁ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። እኔ ደግሞ እዚህ ቮሊዩም እጨምራለሁ፣ እሱ ይቀንሳል እኔ እጨምራለሁ፣ መጨረሻ ላይ ኢርፎኑን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ዘፋኙ አዲስ ስንኝ ሲጀምር ይሰማኛል፣ መጀመሪያዋን ቃል ብቻ፣ ከዛ ሹሹሹ። ምን ብሎ ይሆን? ሰዎቹ እኮ ስቱዲዮው ውስጥ አላቆሙም፣ ከበሮው ይመታል ቤዙ ይሄዳል፣ በሩን የዘጉት እኛ ላይ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የዛችን ስንኝ ቀሪ ስገምት እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ችግሩ የደቂቃ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልቃጠልም ነበር። የኛ ሙዚቃ ባህሪው ነው። የኛ ዘፈን ከመሀል ተነስቶ መሀል ላይ የሚቆም አይደለም፣ ቀስ ብሎ ተነስቶ እየሞቀ የሚሄድ ነው። ማህሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል፣ በቁም ዜማ ይጀመራል፣ ዝማሜው ይቀጥላል፣ መረግድ ይመጣል፣ ከዛ ጽፋት ላይ ሲደርስ ከበሮውም ጭብጨባውም ፈጥኖ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ይሆናል። በቁም ዜማው ላይ "በሉ ይበቃል ወደ ቤታችሁ" የሚል ሰው አለ? የሰርግ ቤቱም ሆታ ያው ነው፣ ቀስ ብሎ ይነሳል ከዛ ነው መሬቱ የሚንቀጠቀጠው። እስክስታም ብትሉ ትከሻ እስኪፍታታ ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ሰርግ ላይ ዲጄው አንዱን ዘፈን አንድ ደቂቃ አጫውቶ ቆርጦ ወደ ጎጃም፣ ቆርጦ ወደ ጉራጌ፣ ቆርጦ ወደ ወሎ፣ ባለፈው የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ እናቶች ተነስተው ክብ ሠርተው ገና አንገታቸውን መስበቅ ሲጀምሩ ለወጠባቸው፣ ተያይተው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። እትዬ ጎረቤታችን ጉልበቷን ያማታል፣ ለመነሳት ራሱ የሰው እጅ ይዛ ነው የተነሳችው፣ ተመልሳ ስትቀመጥ ሳያት እንባዬ ነው የመጣው።

አዝማሪ ቤት ግን እስቲ ሂዱ። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት አንድ ምሽት ከጓደኞቼ ጋር ገብተን አዝማሪዋ አንዱን ዜማ ይዛ ግማሽ ሰዓት አልለቀቀችውም። ማን ያስቆማታል? አንዱ ከጥግ "ተቀበይ!" ይላል፣ ስንኝ ይሰጣታል፣ ትቀበላለች፣ ሌላው ይቀጥላል። እኔም ደፍሬ ሰጠኋት፣

"ሲመሽ የመጣ ሰው ሌሊቱ አጠረው፣
ገና ሳንጠግበው ጫማውን አሰረው።"

ተቀብላ ሦስት ጊዜ ነው ያዞረችው፣ በሦስተኛው "ጫማውን" የምትለዋን ጎትታ ጎትታ ማሲንቆው ራሱ እስኪያለቅስ። ዘፈኑ ያለቀው ቤቱ ሲጠግብ ነው።

ትዝታማ በሁለት ደቂቃ እንዴት ተብሎ ነው? ማህሙድ አህመድ ትዝታን ከ10 ደቂቃ በላይ ሲዘፍነው አንዲቷ ደቂቃ ትርፍ ናት የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ትዝታ እኮ ሰውየው ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፣ መጀመሪያ ዝም ብለህ ትሰማለህ፣ ቀጥሎ አንድ ፊት ይመጣብሃል፣ ከዛ አንድ ሰፈር፣ ከዛ የተናገርከው ወይ ያልተናገርከው ቃል። ሁለት ደቂቃ ውስጥ ፊቱም አይመጣም።

አባዬ አንድ ካሴት ነበረው፣ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ምርጥ ምርጡን መርጦ ያስቀዳው፣ የ60 ደቂቃ፣ በአንድ ጎን 30። ኤ ሳይዱ መጨረሻ ላይ አንድ ትዝታ አለ፣ ግን ካሴቱ ስላለቀ ስንኙ መሀል ላይ ይቆረጣል፣ ቴፑ ቁልፉን ጠቅ አርጎ ያስነሳዋል። እኛ ቤት ያንን ዘፈን ሁላችንም የምናውቀው እስከ ጠቅታው ነው። አባዬ ቅዳሜ ጠዋት ጫማ እየጠረገ ሲያንጎራጉረው ራሱ እዛች ቃል ላይ ሲደርስ ያቆማል፣ ልክ እዛ ላይ፣ ቀጥሎ ምን እንዳለ ስለማያውቅ። ከስንት ዓመት በኋላ ሙሉውን ዩቲዩብ ላይ አገኘሁትና ይዤለት ሄድኩ። ስልኩን ጆሮው አጠገብ ይዞ ሰማ፣ ጠቅታዋ ቦታ ላይ ስንደርስ ቀና ብሎ አየኝ፣ ዘፈኑ ቀጠለ። ሌላ አራት ደቂቃ ነበረው። አራት ደቂቃ! ምንም አላለኝም፣ "እስቲ ካቆመበት መልሽልኝ" ብቻ አለ፣ ካለቀበት ሳይሆን ካቆመበት፣ መለስኩለት፣ ደግሞ መልሽ አለኝ። ያን ቀን ቡና ሁለት ጊዜ ነው የቀዘቀዘብን።

ያ ካሴት ምክንያት ነበረው፣ ቴፑ አለቀ፣ ማንም ሆን ብሎ አላረገውም። አሁን ግን እየተቀዳ ያለውን ሆን ብለን እየቆረጥን ነው፣ የነገ ልጅ የቀረውን የት ሄዶ ያገኘዋል? የትኛው ዩቲዩብ ላይ?

ስለዚህ ሙዚቃ የምትሠሩ ልጆች፣ አቀናባሪዎችም ዘፋኞችም፣ በናታችሁ፣ አጭሩን ለቲክቶኩ ልቀቁት፣ አልተቃወምኩም፣ ብሉበት። ግን ያልተቆረጠውንም አብራችሁ ጫኑልን። ማሲንቆው እስኪበቃው የተጫወተበትን፣ ዘፋኙ ከግጥሙ ወጥቶ ከሆዱ የተናገረበትን፣ ሳቅም ሳልም ካለበት ከነሳሉ። ሰው አይሰማም አትበሉን፣ ሰጥታችሁን አታውቁም። አጨራረስም ሥሩለት፣ ዘፈን እንደ እንግዳ ነው፣ ተነስቶ ተሰናብቶ በር ድረስ ተሸኝቶ ነው የሚሄደው።

ለትላንቱ ልጅ ኮሜንት ላይ ጽፌለታለሁ፣ "ማሲንቆውን የተጫወተው ሰው ማነው? ስቱዲዮ ውስጥ ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ሙሉውን ልቀቅልን" ብዬ። እስካሁን አልመለሰልኝም። ዘፈኑን የሰማችሁ ታውቁታላችሁ፣ እናንተም ሄዳችሁ ጻፉለት።