ሲስተር፣ አንዴ ፈርሚልኝ

የማስተማሪያ ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አልጋ ይዞ መተኛት እንደ ሙሽራ መቀመጥ ነው። ሁሉም ሊያይህ ይመጣል፤ የሚያናግርህ ግን ጥቂት ነው። ከፊት ዋናው ሐኪም አቴንዲንጉ፣ ከጎኑ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሬዚደንት፣ ከኋላ ካርድ ያቀፈ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ኢንተርን። ከሁሉም ኋላ፣ በሩ ጋ፣ አንገቱን እያሰገገ የሚያይ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ካያችሁ የነርሲንግ ተማሪ ነው።

አጎቴን ሳስታምም ከረም ብዬ ስለነበር ተማሪዎቹን በዓመታቸው መለየት ለምጄ ነበር። የሁለተኛ ዓመቱ ጋውኑ በደንብ ተተኩሷል፤ እጁን ግን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። የመጨረሻ ዓመቱ ጋውን ኪሱ ጋ ተተርትሯል። ኪሱ ውስጥ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ሦስት እስክሪብቶ (ሁለቱ የሰው) እና ቆሎ አለ። ብብቱ ስር ደግሞ ሎግ ቡክ።

ሎግ ቡክ ተማሪው ሳይመረቅ በፊት ሊሠራቸው የሚገባ ሥራዎች ሁሉ በሰንጠረዥ የተዘረዘሩበት ደብተር ነው። ካኑላ (ጉሉኮስና መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን የደም ስር ቱቦ) ማስገባት ይህን ያህል ጊዜ። የሽንት ቱቦ ይህን ያህል። በአፍንጫ የሚገባ የምግብ ቱቦ፣ ቁስል ማጠብ፣ ማዋለድ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የፊርማ ቦታ አለ። ፊርማ የሌለው ሥራ አልተሠራም። ሥራ የሌለው ፊርማ ስለመኖሩ ደግሞ እኔ አልናገርም፤ እግር ጥሏችሁ አንድ ዋርድ ብትገቡ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

እንግዲህ ይህ ደብተር የልጆቹን ጸሎት ነው ያበላሸው። እናት ልጇ እንዲድንላት ትለምናለች፤ ተማሪው «ዛሬ እንኳ አንድ የሽንት ቱቦ ጣል አርግልኝ» ይላል። አጎቴ ሽንት አልወርድ ያለው ቀን እኔ ደንግጬ ኮሪደሩን ስሯሯጥበት ሁለት ተማሪዎች በር ላይ ተያይዘዋል።

«የኔ ተራ ነው።»

«አንተ እኮ ባለፈው ሳምንት አግኝተሃል!»

«እሱማ ሴት ነበረች፤ የወንድ ይቀረኛል።»

አጎቴ ሆዳቸውን ይዘው በተኙበት፣ «ልጆቼ፣ በሉ ተስማሙና አንዳችሁ ኑ» አሏቸው። ዕጣ ሊያወጡ ሁሉ ነበር መሰለኝ።

ማዋለጃ ክፍል ደግሞ ባሰ። ነርሲንጉም፣ ሚድዋይፈሪውም፣ ጤና መኮንኑም፣ ሕክምናውም ሁሉም የማዋለድ ፊርማ ይፈልጋል። የምታምጠው ግን አንዲት ሴት ናት። «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ጨንቋት ዓይኗን ስትገልጥ ዙሪያዋን ጋውን ነው። ማርያምን የጠራች እንጂ ባች የጠራች አይደለችም።

የፊርማዋ ባለቤት ዋርዱን የያዘችው ሲስተር ናት። እሷን ማስፈረም ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። ሻይ ሳትጠጣ አትጠየቅም። ፋርማሲ መድኃኒት የለም ባለበት ሰዓት አትጠየቅም። ዱቲ ልትወጣ ስትል ከጠየቃችኋት ወይ ሳታይ ትፈርማለች ወይ ሳታያችሁ ትሄዳለች። አንዱ ልጅ ቁስል አጥቦ ሲያበቃ ደብተሩን ዘርግቶ ተከተላት።

«ሲስተር፣ አንዴ ፈርሚልኝ።»

«ስትሠራ አይቼሃለሁ እንዴ?»

«ኧረ ሲስተር፣ ጎኔ ቆመሽ ነበር እኮ!»

«ቆሜማ ነበር። እጅህን ታጥበህ ነው የጀመርከው?»

ልጁ ኮርኒሱን አየ።

«ሂድ ታጠብና ሌላ ሰው ላይ አሳየኝ።»

እኔ እሷን ወደድኳት። ልጁ ግን እስከ ምሳ ድረስ አኩርፎ ዋለ።

አስቂኙ ነገር፣ ዋናው ትምህርት የሚሰጠው ሎግ ቡኩ ላይ መስመር በሌለው ነገር ነው። አስተማሪውም ሲስተሯ አይደለችም፤ አስታማሚው ነው። እኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። አጥሚት የምታጠጣ፣ ጠበል የምትረጭ፣ «ይሄ ጉሉኮስ ለምን ቀስ ብሎ ይወርዳል?» እያለች ተነስታ የምትጎረጉር አንዲት እናት አልጋው ስር ትውላለች። ለእሷ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው፣ የነርሲንግ ተማሪም ይሁን የጥበቃ ሠራተኛ። ሴት ሁሉ «ሲስተር» ናት፣ ስፔሻሊስት ሐኪሟም ጭምር።

የአተነፋፈስ ቆጠራን ውሰዱ። ታካሚው ትንፋሽህ ሊቆጠር ነው ከተባለ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ስለዚህ አይነገረውም። ተማሪው የልብ ምት የሚቆጥር መስሎ የእጁን አንጓ ይይዛል፤ ዓይኑ ግን ደረት ላይ ነው። 1 ደቂቃ ሙሉ። በመጽሐፍ ሲነበብ ብልሃት ነው። ፊት ለፊታችን የተኛችውን ወጣት አንድ ወንድ ተማሪ በዚህ ብልሃት ሊቆጥራት ሲጀምር አማቷ ከወንበራቸው ተነሱ።

«አንተ ልጅ! ዓይንህ ምን ላይ ነው?»

«እየቆጠርኩ ነው እማማ።»

«ምኑን ነው የምትቆጥረው?»

ልጁ 14 ላይ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ። አሁን ደግሞ አማቲቱ በእሱና በልጅቷ መሀል ነጠላቸውን ዘርግተው ቆሙ። ቻርቱ ላይ 20 ብሎ ጽፎ ሄደ። ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል ስለሚባል 20 ማንንም አያስቀይምም። ቻርት ብታገላብጡ ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 20 ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሌላው ላይ ባንስማማም አተነፋፈስ ላይ አንድ ሕዝብ ነን።

የሕመም ልኬትም አለ። ከ0 እስከ 10 ስንት ያምዎታል ተብሎ ይጠየቃል። አንዲት የመጨረሻ ዓመት ልጅ አጎቴን ጠየቀቻቸው።

«ተመስገን» አሉ።

«አባባ፣ ቁጥር ይንገሩኝ።»

«ስንት ነው የሚባለው?»

«እንደሚያምዎ ነው።»

«አንቺ ለሥራሽ የሚቀልሽን ጻፊ።»

ልጅቷ ሳቀች። ግን አልጻፈችም። ቀና ብላ እጃቸውን አየች፤ የአልጋውን ብረት ጨምድደው ይዘዋል። 8 ብላ ጻፈችና ሲስተሯን ልትጠራ ሄደች።

ይቺው ልጅ ካኑላ ስታስገባላቸውም አይቻታለሁ። ማሰሪያው ስለሌለ ክንዳቸውን በጓንት አሰረችው። ደም ስሩ ይታያል፤ ሲነካ ይሸሻል። ሮዙን ካኑላ አንስታ ነበር፤ አየት አድርጋ መለሰችውና ቀጠን ያለውን ሰማያዊውን ያዘች። «አባባ፣ አገርዎ ወዴት ነው?» አለች። «መንዝ።» «የመንዝ ብርድ እንዴት ነው?» በቃ፣ አጎቴ ስለ በርኖስ ጀመሩ። በርኖሱ ተፈትሎ ሳይሸመን ካኑላው ገብቶ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ሎግ ቡኩ ላይ ለካኑላው አንድ ፊርማ አገኘች። ለበርኖሱ ቦታ የለም።

ስም መጠየቅም ሙያ ነው። መድኃኒት ከመስጠት በፊት ትክክለኛው ሰው መሆኑ ይረጋገጣል። ጀማሪው «አቶ እገሌ?» ብሎ ይጣራል። የአገራችን ሽማግሌ ደግሞ በማንም ስም ቢጠራ «አቤት» ይላል፤ ዝም ማለት ነውር ነዋ። የመጨረሻ ዓመቱ ግን «ስምዎ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የአባታቸውንም ያስጨምራል።

የነርሲንግ ተማሪዋን ቤቷ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቃታል። ዘመድ ሁሉ «ዶክተርነቱ ለጥቂት አመለጠሽ አይደል?» ይላል፣ ነርስነት የወደቀ ሰው የሚያርፍበት ፌርማታ ይመስል። ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ እንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆነዋል። የንጉሥ ልጅ ናቸው፤ ውጤት አንሷቸው አይደለም። ይህን ለአክስቴ ብነግራት «እሷማ ልዕልት ስለሆነች ትችላለች» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

በዶክተርነት የሚያዝኑት እነዚሁ ዘመዶች ታዲያ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ልጅቷን ያስጠራሉ። «ነይ እስቲ ግፊታችንን ለኪን።» ግፊት ሲለካ ሰውየው ቢያንስ 5 ደቂቃ ማረፍ፣ ጀርባውን መደገፍ፣ ዝም ማለት አለበት። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓትም ቡና አይጠጣም። እኛ ሰፈር የሚለካው በአቦልና በቶና መካከል ነው። ተለኪዋ እጇን ሰጥታ የጎረቤት ወሬ ትጨርሳለች። ወሬው በሞቀ ቁጥር ግፊቱ ይወጣል።

«150 በ90» ትላለች ልጅቷ።

«መሣሪያሽ ነው» ይላሉ እትዬ።

ቀጥላ የተለካችው ጎረቤት 160 ካወጣች ግን እትዬ ይከፋቸዋል። «እስቲ እኔን ድገሚኝ፤ ቅድም እኮ አልተመቸኝም ነበር።»

ሎግ ቡኩ ሞልቶም አያልቅም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ከ100 50 ማምጣት ግድ ነው። ለጤና ተማሪ ደግሞ ፈቃድ አግኝቶ በሙያው ለመመዝገብ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ። ለዚህም ነው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በአንድ እጁ ሙቀት መለኪያ፣ በሌላው ስልክ የሚይዘው። ስልኩ ላይ ያለው ቲክቶክ እንዳይመስላችሁ፤ የቴሌግራም ጥያቄ ነው። (አልፎ አልፎ ቲክቶክም ነው።)

ጥያቄዎቹ የተንኮል ናቸው። አራቱም ምርጫ ትክክል ነው፤ የሚጠየቀው «የቱ ይቀድማል?» ነው። አንድ ማታ ዱቲ ላይ ያሉ አራት ልጆች የነርሶች ጠረጴዛ ጋ ተኮልኩለው በአንዷ ጥያቄ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ታካሚው ትንፋሽ አጥሮታል። ነርሷ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች? ሀ. ራስጌውን ከፍ ታደርጋለች። ለ. ኦክስጅን ትሰጣለች። ሐ. ሐኪም ትጠራለች። መ. ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ) ትወስዳለች።

«ሀ ነው፤ ሰከንድ አይፈጅም» አለች አንዷ።

«አልጋው ካልታጠፈስ?» አላት ጓደኛዋ።

«ጥያቄው ውስጥ ያለው አልጋ ይታጠፋል።»

«ሐኪም መጥራት ይሻላል።»

«ስልኩን ካላነሳስ?»

ሲስተሯ የመድኃኒት ትሪዋን ይዛ ስታልፍ አስቆሟት። ጥያቄውን አነበቡላት። ትሪውን ሳታስቀምጥ አሰበች።

«መጀመሪያማ» አለች፣ «አልጋው ላይ የተቀመጡትን ሰባት ጠያቂዎች ታስወጣለች።»

«ሲስተር፣ እሱ ምርጫ ውስጥ የለም!»

«እንግዲያው ጥያቄውን ያወጣው ሰው በመጠየቂያ ሰዓት ዋርድ ገብቶ አያውቅም። ተነሱ በሉ፣ የ6 ሰዓት መድኃኒት ደርሷል።»