ዲሲ ላይ ማስረጃ፣ ሜሪላንድ ላይ ወንጀል

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ካፌ ውስጥ የማውቃት ልጅ ስልኳን አውጥታ «ስማ እስቲ ይሄን» አለችኝ። የማናጀሯ ድምፅ ነው። ስልኩ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ስለነበር ግማሹ የጨርቅ ኮሽታ ነው፤ በመሃል ግን ሰውየው ጥርት ብሎ ይሰማል። «ኦቨርታይም የሚባል ነገር የለም። ካልተስማማሽ በሩ ያውልሽ።» በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እያሠራት ነው እንዲህ የሚላት።

«አሁን የት ይገባል!» አለች፤ ፊቷ በርቷል።

የምትሠራበት ሱቅ የት እንደሆነ ጠየቅኳት። «እዚሁ፣ ከመንገዱ ማዶ።» እኔ ደነገጥኩ።

በጆርጂያ አቬኑ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ኢስተርን አቬኑን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌደራል ሕግ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ይበቃል ይላል። ያ አንዱ ራሱ ቀጂው ሊሆን ይችላል። ዲሲም ቨርጂኒያም እንደዚሁ ናቸው። ሜሪላንድ ግን በግል የተደረገን ንግግር ለመቅዳት የሁሉንም ተነጋጋሪ ፈቃድ ይፈልጋል። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር ይደርሳል። ማናጀሩም በተራው ካሳ ሊጠይቃት ይችላል። ቅጂውን ለእኔ ማሰማቷም ሌላ ጣጣ ነው፤ በሕጉ እንዲህ ያለውን ቅጂ ለሌላ ማካፈልም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሕግ እንዳይመስላችሁ። ሊንዳ ትሪፕ፣ ከፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋር ግንኙነት የነበራትን የሞኒካ ሌዊንስኪን ስልክ የቀዳችው ሜሪላንድ ካለው ቤቷ ሆና ነበር። አገር ያናወጠ ቅጂ ሆኖ ሳለ፣ ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሰሳት። በ2000 ክሱ ተነሣላት እንጂ እሷም ተጨንቃለች።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሕግ ለሠራተኛ ሲሆን አይዋጥልኝም። ልጅቷ የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ጆሮዋን አልለጠፈችም። ፊት ለፊቷ ቆሞ የነገራትን ነው የቀዳችው። የሰማችውን ፍርድ ቤት ቀርባ መናገር ትችላለች፤ ያኔ ግን እሱ «አላልኩም» ይላል፣ እሷ «ብለሃል» ትላለች። እንግሊዝኛ ከሚያስቸግራት ልጅና ጠበቃ ካለው አለቃ ማን እንደሚታመን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በርግጥ ምሳ ሰዓት የማወራውን ሐሜት ባልደረባዬ በኪሱ ይዞት ቢዞር እኔም አልወድም። ግን ለተዛተበት ወይም ደሞዙ ለተበላ ሠራተኛ የሜሪላንድ ምክር ቤት አንድ በር ቢከፍትለት ምን አለበት?

እስኪከፈት ድረስ ግን ስልኩ ሳይቀዳ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ዲሲ የምትሠሩም ብትሆኑ ልባችሁ አይሙላ፤ ቅጂው ወንጀል ባይሆንም የድርጅቱን ደንብ ጥሰሃል ተብሎ መባረር አለ። ስልኩን አስቀምጦ ከክፍሉ ወጥቶ የሌሎችን ወሬ መቅዳት ደግሞ ሦስቱም ጋ ወንጀል ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የዕለቱን በዕለቱ መጻፍን የሚከለክል ሕግ የለም። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ፣ ማን ቆሞ ሰማ። የሺፍት መግቢያና መውጫ። ከዚያ ለማናጀሩ በትሕትና ቴክስት መላክ፦ «በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራሁት አይከፈልም ብለህ ዛሬ የነገርከኝ በትክክል ገብቶኝ ነው?» ቢመልስ በጽሑፍ ያዛችሁት። ዝም ቢልም መጠየቃችሁ ከነሰዓቱ ተቀምጧል።

ይህን ስነግራት ቅጂውን ልታጠፋው እጇን ሰደደች። «ቆይ፣ መጀመሪያ ጠበቃ አናግሪ፤ እስከዚያ ለማንም አታሰሚ» አልኳት። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። የቡናውን ደረሰኝ ሳበችና ከጀርባው ቀኑን ጻፈች።

«ሰዓቱ ስንት ነበር መሰለህ?» አለችኝ፤ እኔ እዚያ የነበርኩ ይመስል።