ቦርሳው ደሴ ገባ፣ መጽሐፉ የት ቀረ?

ዛሬስ ልናገረው ነው። እስካሁን ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ። በቃኝ!

ደሴ ውስጥ ስፓይደርማን፣ ያ የሸረሪቱ ጀግና፣ የሌለበት ቦታ ካለ አሳዩኝ። የተማሪ ቦርሳ ላይ አለ። ካልሲ ላይ አለ። የባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፏል። የልደት ኬክ ላይ በክሬም ተሥሎ አይቻለሁ፤ አፉ ትንሽ ጠሞ ነበር እንጂ እሱ ራሱ ነው። ፒያሳ አንድ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ከባትማን ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። የሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ንብረት መሆናቸውን ባለቤቱ አልሰማም፤ እኔም አልነገርኩትም፣ ለፍቶ ያሳለው ነው። ሰኞ ገበያ ሰልባጅ ተራ ብትገቡ ደግሞ ቲሸርቱ በክምር ነው።

እሺ፣ መጽሐፉስ? ኮሚኩን ማለቴ ነው፣ ታሪክ በተከታታይ ሥዕል የሚተረክበትን።

ይሄ ሰውዬ እኮ መጀመሪያ የተወለደው ወረቀት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962፣ በ12 የአሜሪካ ሳንቲም በሚሸጥ መጽሔት። ስታን ሊ ጻፈው፣ ስቲቭ ዲትኮ ሣለው። ይኸው ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው። ካልሲው ጦሳ ተራራ ሥር ደርሷል፣ ከመጽሐፉ ግን አንዲት ገጽ አልደረሰችም። አጃኢብ ነው!

መጽሐፍ መደብር ገብቼ «ኮሚክ አላችሁ?» ስል የሕፃናት ቀለም መቀቢያ ደብተር ያወጡልኛል። «ስንት ዓመቱ ነው ልጁ?» ይሉኛል። «ለራሴ ነው» ስል ሻጯ ቀና ብላ ታየኛለች። ከዚያ በትሕትና፣ የወሎ ሰው መቼም ሰው አያሳፍርም፣ «አይ ጋሼ፣ እንደዚያ ዓይነት የለንም» ትላለች። ጋሼ ያለችኝ ዕድሜዬን አይታ ሳይሆን አዝናልኝ ይመስለኛል።

ይሄን እንኳ እችለዋለሁ። የማልችለው አድናቂ ነን ባዮቹን ነው።

ቴሌግራም ላይ፣ ቲክቶክ ላይ፣ በየሳምንቱ አዲስ «የዘመናት ምርጥ» አለ። «ይህን ሳታነብ እንዳትሞት!» ይሉሃል። ስንት ጊዜ ሞታችንን እናራዝም? ጠጋ ብለህ ስትጠይቃቸው ፊልሙን ነው ያዩት። እኔ አንድ ማጣሪያ አለኝ። ዋችመን ስለሚባለው ኮሚክ ምራቁን እየረጨ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ «መጨረሻው ላይ ኒውዮርክ ምን ወረደባት?» እለዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ፊልም መጨረሻውን ቀይሮታል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ያ ግዙፍ ጉድ ፊልሙ ውስጥ የለም። ያነበበና ያየ እዚያ ላይ ይለያያል። ጉዱ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ማጣሪያዬን አታበላሹብኝ።

ይሄ ሳያነቡ መጮህ አሜሪካኖቹንም አንድ ጊዜ አቃጥሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲሱ የኤክስ ሜን ኮሚክ ቁጥር 1 ሲወጣ በ5 ዓይነት ሽፋን ታተመና ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ለሱቆች ተሸጠ። በዓመቱ ደግሞ ሱፐርማን ሊሞት ነው ተባለ። መጽሔቱ በጥቁር ላስቲክ ታሽጎ፣ ክንድ ላይ ከሚታሰር የሐዘን ጨርቅ ጋር ወጣ። ሰዉ አንዱን ለማንበብ፣ ሌላውን ሳይከፍት ለማስቀመጥ ገዛ። ነገ ይወደዳል ብሎ! ሚሊዮን ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ እንዴት ብሎ ይወደዳል? አልተወደደም። ገበያው ወደቀ፣ ብዙ ሱቅ ተዘጋ። የስፓይደርማን አሳታሚ ማርቭል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሱፐርማን ደግሞ ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ ተነስቶ መጣ።

ታዲያ ሁሉም ወሬ ቢሆን ኖሮ ባላንገበገበኝ ነበር። ወሬ ከሆነ ተገላገልኩ፣ አላጣሁም። ችግሩ የእውነት ዝናቸውን የሚያክሉ መኖራቸው ነው። እነሱ ናቸው እኛ ጋ የማይደርሱት።

ዋችመን አንዱ ነው። አለን ሙር ጽፎት ዴቭ ጊበንስ የሣለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1987 በ12 ክፍል የወጣ። አብዛኛው ገጽ 9 እኩል ሣጥን ነው። አምስተኛው ክፍል ደግሞ መስታወት ነው። የመጀመሪያው ገጽ አቀማመጥ ከመጨረሻው ጋር ይመሳሰላል፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መሀል ላይ ሁለቱ ገጾች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ይሄን ለማየት መጽሐፉን በሁለት እጅ ዘርግተህ መያዝ አለብህ። ሰዎቹ ግን «ስልክህ ላይ አንብበው» ይሉኛል። በምን ስልክ? ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልኬ አንዷን ሣጥን በጣት እየለጠጥኩ፣ የሰውየው አፍንጫ ሲታየኝ ንግግሩ ይጠፋብኛል፣ ንግግሩን ስፈልግ አፍንጫው ይጠፋል። እሱም ዳታ ሲኖር ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው የሚልም አለ። የሰው ንብረት ነው፣ ልብ አይደፍርም፤ እንድፈር ብንል እንኳ የዋችመን ቀለም ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ እየተፈራረቀ የሚያወራ ቀለም ነው። ጥቁርና ነጭ ማሽን ውስጥ ሲያልፍ የክረምት ጭቃ ይሆናል።

አንዳንዱ ደግሞ ዝናውን አያክልም፣ ልናገር። የዚያው የአለን ሙር «ኪሊንግ ጆክ» የሚባለው የባትማን ኮሚክ። ሥዕሉ ግሩም ነው፣ ታሪኩ ግን አንዲትን ሴት ለወንዶቹ ጠብ መረገጫ አድርጎ ጥሏት ይሄዳል። ደራሲው ራሱ በኋላ አልተኩራራበትም። ስድብ የምትልኩልኝ በውስጥ መስመር ይሁን።

ማውስ ግን... ማውስን እንዴት ልንገራችሁ።

ደራሲውና ሠዓሊው አርት ስፒገልማን ቴፕ ይዞ አባቱ ዘንድ ይሄዳል። አባትየው ቭላዴክ ከናዚዎቹ የሞት ካምፕ ከአውሽዊትዝ የተረፈ የፖላንድ አይሁዳዊ ነው። አይሁዶቹ አይጥ፣ ጀርመኖቹ ድመት ሆነው ተሥለዋል። የመጀመሪያው ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ሁለተኛው በ1991 ወጣ፣ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ሁሉም የሚያወራው ይሄን ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሽማግሌው የጋዝ ምድጃውን ቀኑን ሙሉ አያጠፋውም። ለምን? ጋዙ ከቤት ኪራዩ ጋር ተከፍሏል፣ ክብሪት ግን በገንዘብ ነው የሚገዛው። አንድ እንጨት ክብሪት ለማትረፍ! የተጀመረ የቁርስ ካርቶን ሱቅ ወስዶ መልሱልኝ ይላል። ልጁ በሐፍረት መኪና ውስጥ ይደበቃል።

ወሎ ያደገ ሰው ይሄን ሲያነብ ማን ነው ትዝ የሚለው? ሰባ ሰባትን ያለፈ ዘመድ የሌለው ማን አለ? መሬት ላይ ፍርፋሪ ካየች እንግዳም ቢኖር ጎንበስ ብላ አንስታ የምትስም አያት የሌለችው ማነው? ቤቱ እህል ሞልቶ «ጎደለ» እያለች እንቅልፍ የምታጣ አክስት? እኛም ልጅ ሆነን አፍረናል። «እማማ ተይው፣ ቆሽሿል» ብለናል። ምን ሆነሽ ነው ብለህ ብትጠይቃት «ተወው ልጄ፣ ያ ቀን አይመለስ» ነው መልሷ። ከዚያ ቡና ታፈላለች።

ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። ዓለም የእኛን ረሃብ ያወቀው ጥቅምት 1977 የውጭ ጋዜጠኞች ከዚያ ቀርጸው ባሳዩት ፊልም ነው። ሰዉ በሩቁ ታየ፣ ተለቀሰለት፣ አለቀ። ቤት ውስጥ ሆኖ፣ አያቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ስትቆጣው፣ ስትዋሸው፣ ስታስቀው ሰምቶ በሥዕል ያወጣው መጽሐፍ የታለ? የሚሥል ልጅ ጠፍቶ ነው? ቦርሳ ላይ ያለውን ሸረሪት በእስክሪብቶ ሳያነሳ የሚገለብጥ ተማሪ በየክፍሉ ሞልቷል! ማውስን ግን አላየውም። እንዲህም ይቻላል ብሎ የነገረው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ፣ ቴነሲ፣ አንድ የትምህርት ቦርድ ማውስን ከትምህርቱ አስወጣው። ወዲያው ሰዉ ተሻምቶ ገዛው። እኛ ጋ ማንም አልከለከለውም። የሚከለክለው ሰው እንዲገኝ መጀመሪያ መጽሐፉ መምጣት አለበት።

ፐርሴፖሊስም እንደዚያው ነው። ደራሲዋ ማርጃን ሳትራፒ፣ ኢራን፣ አብዮት ሲፈነዳ ልጅ የነበረች። አጎቷ ይታሰራል፣ ይገደላል። ደርግን ያየ ቤተሰብ ውስጥ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጥቁርና ነጭ ነው፣ እዚሁ ተተርጉሞ ቢታተም ቀለም እንኳ አይፈጅም። አሳታሚዎች፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? «አንባቢ የለም» ትላላችሁ። ያልቀረበለትን ሰው አልበላም አለ ትላላችሁ እንዴ?

ለማስመጣትም ሞክሬያለሁ። በኢንተርኔት ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይላል፣ ተውኩት። አረብ አገር ያለች እህቴን ለመንኩ። የጄፍ ስሚዝ «ቦን» የሚባለው ኮሚክ በአንድ ጥራዝ ተጠርዞ ከ1,300 ገጽ በላይ ነው። ፎቶውን ላኩላት። «ወንድምዓለም፣ ይሄ እኮ ጡብ ነው» አለችኝ። «በዚህ ኪሎ ለእናቴ ብርድ ልብስና ሽቶ አመጣለሁ።» ምን ልበላት? ልክ ናት። መልሳ ደግሞ «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?» አለች። ነጫጭ፣ አፍንጫቸው የተድቦለቦለ ፍጥረቶች ከአገራቸው ተባረው ዘንዶ ያለበት ሸለቆ ውስጥ ይገባሉ አልኳት። ዝም አለች። «አብሽር፣ ዱአ አደርግልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

እና ካፌ ውስጥ በሰው በሰው ያገኘሁትን አሮጌ ኮሚክ ስገልጥ አንድ የሰፈር ትልቅ ሰው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አንተ ይሄን ያህል ሰው ሆነህ ሥዕል ታያለህ?»

አባባ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን እኮ ከዚህ ወደ ሰሜን ትንሽ ሄድ ሲሉ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. ከ1280 እስከ 1281 ባለው ዓመት የተጻፈው፣ ባለ ሥዕል ነው። ላሊበላ ቤተ ማርያም ይግቡና ቀና ይበሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን ከፋፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አድርጎ በአንድ ሸራ ላይ የሚሥለው የእኛው ሠዓሊ ነው። ያንን ሳሎን ሰቅለውት እንግዳ ሲመጣ ከላይ ጀምረው በጣት እያሳዩ ያስረዳሉ። እኔ ይዤው የመጣሁት ያው ነው፣ ተጠርዞ ነው እንጂ! ይሄን ሁሉ አልተናገርኩም። «አዎ አባባ» ብዬ ማኪያቶዬን ጠጣሁ።

የእኛ ልጆችም አልተኙም እኮ። እ.ኤ.አ. በ2018 ብሥራት ደበበ ዕጣን ኮሚክስን ይዞ «ጀምበር»ን አወጣ። ጀግናው ሐበሻ ነው፣ መቼቱ አዲስ አበባ። ቀጥሎ «ሃዊ» መጣች። ይሄን ለአንድ የማውቀው ሻጭ ነግሬው አምጣና ደርድር ብለው «ማን ይገዛዋል?» አለኝ። ከጀርባው የሸረሪት ቦርሳ እስከ ኮርኒሱ ተሰቅሏል። ያን ማን ገዛህ ታዲያ? ቦርሳውን የገዛው ወላጅ ልጁ ውስጡ የሚከተው ነገር እንደሚፈልግ እንዴት አይታይህም?

ለማንኛውም፣ ዋችመን ወይም ማውስ በወረቀት ያለው ሰው ደሴ ውስጥ ካለ በውስጥ ያናግረኝ። ለማንበብ ብቻ ነው፣ ቡና የተደፋበትም ቢሆን ችግር የለውም። ኮምቦልቻ ከሆነም እወርዳለሁ፣ ወልዲያ ከሆነም እንነጋገራለን። መያዣ ካላችሁኝ መታወቂያዬን እሰጣለሁ። ፊልሙን ልላክልህ የምትሉ ግን እባካችሁ፣ ወላሂ አግዳችኋለሁ።