ለዘላቂው ጉድጓድ የቀረበ ውዳሴ

ዘላቂ ልማት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ዓለም ብዙ ደክሟል። በወቅቱ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ሪፖርት፣ መጪው ትውልድ የራሱን ፍላጎት ለማሟላት ያለውን አቅም ሳያሳጣ የአሁኑን ትውልድ ፍላጎት የሚያሟላ ልማት ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት ከአገር አገር እየዞረ የብዙ ሰው ቃል ሰምቷል። ኮሚሽኑ በአንዱ ሐምሌ ወደ ጎጃም ብቅ ብሎ እኛ ችግኝ ስንተክል ተመልክቶ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ ድካም በዳነ ነበር።

የአሁኑ ትውልድ ፍላጎት በአንድ ቀን፣ ያውም ከምሳ በፊት፣ ሙሉ በሙሉ የሚሟላው በተከላው ዕለት ነው። ባነሩ ከችግኙ ቀድሞ ይደርሳል። እንግዶቹ አዲስ ኮፍያና ቲሸርት ለብሰው፣ የቀበሌው ሰው በዋዜማው ቆፍሮ ባዘጋጀው ጉድጓድ ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ የክብር እንግዳው ፎቶ አንሺው ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ችግኙን ታቅፈው በትዕግሥት ይቆያሉ፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድለት ይተክሉታል። ሥሩ ከላስቲኩ መውጣት አለበት የሚሉ የግብርና ባለሙያዎች አይጠፉም፤ ነገር ግን ሥር ፎቶ ላይ አይታይም። የዘላቂ ልማት ሦስቱ ምሰሶዎች፣ ማለትም ኢኮኖሚው፣ ማኅበረሰቡና አካባቢው፣ በዚያች ግማሽ ቀን ተሟልተው ይገኛሉ፦ ኢኮኖሚው በውሎ አበል፣ ማኅበረሰቡ በምሳ፣ አካባቢው ደግሞ በባነሩ አረንጓዴ ቀለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነን ግን ለመጪው ትውልድ ያለን አሳቢነት ነው። ሌላው ዓለም ዛፍ ተክሎ፣ ዛፉ አድጎና ቦታውን ይዞ፣ ልጆቹ የሚተክሉበት መሬት ያሳጣቸዋል። እኛ በክረምት የተከልነውን በበጋ ውሃ የሚያጠጣና አዝመራው ሲነሳ ከሚለቀቀው ከብት የሚጠብቅ ሰው ስለማንመድብ፣ ጉድጓዱ በዓመቱ ባዶውን ሆኖ ይጠብቀናል። ዐምና በተከልንበት ዘንድሮ እንተክላለን፤ ልጆቻችንም እዚያው ይተክላሉ፤ የልጅ ልጆቻችን በተከላ ላይ ፎቶ የመነሳት አቅም በምንም መንገድ አይጎዳም። የየዓመቱ ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ሲደመር ደግሞ ኮረብታው ሊሸከመው የማይችል ደን ይሆናል፤ በዓይን አለመታየቱ የኮረብታው እንጂ የሪፖርቱ ጉድለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ስለ አካባቢና ልማት የወጣው ዓለም አቀፍ መግለጫ 27 መርሆዎች አሉት። 15ኛው፣ ከባድ ወይም የማይመለስ ጉዳት በሚያሰጋበት ቦታ የተሟላ ሳይንሳዊ ማረጋገጫ አለመገኘቱ ጥንቃቄን ለማዘግየት ምክንያት እንዳይሆን ያዛል። እኛ በጥንቃቄ ከዚህም አልፈናል፤ ምን ያህሉ እንደጸደቀ ብንቆጥር በሪፖርቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከባድና የማይመለስ በመሆኑ፣ የተተከለውን በተተከለበት ቀን ቆጥረን መዝገቡን እንዘጋለን። 10ኛው መርህ የሚመለከታቸው ዜጎች ሁሉ እንዲሳተፉ ይላል፤ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። ይህም ይፈጸማል። አንድ አዛውንት ገበሬ ተነሥተው «ልጆቼ፣ የዐምናውን ምን በላው?» ቢሉ፣ «አባታችን፣ ጠቃሚ አስተያየት ነው፤ ወስደነዋል» ተብለው ይመሰገናሉ። አስተያየቱ በእርግጥም ተወስዷል፤ እስካሁን አልተመለሰም።

የጮቄም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ለዓባይ የሚገብሩ ብዙ ወንዞች መነሻ ነው፤ እርሻው ገብስና ድንች ፍለጋ ሽቅብ ወጥቶበታል። በበጋ ሕዝቡ በነጻ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፣ በመክፈቻውም ንግግር ይደረጋል፤ ልቅ ግጦሽ እርከኑን ሲያፈርሰው ግን ማፍረስ የመዝጊያ ሥነ ሥርዓት ስለሌለው የሚናገር የለም። ከዚያ ክረምቱ አፈሩን ጠርጎ ያወርደዋል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት አሁን ተሽሯል፤ ማደሪያ ተሠርቶለታል። የጎጃም ገበሬ ለሕዳሴው ግድብ ገንዘቡን በቦንድ፣ አፈሩን በጎርፍ አዋጥቷል፤ ለቦንዱ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል፤ ለአፈሩ ግን ምንም አልጠየቀም። ደለል ሲጠራቀም ውሃው የሚተኛበትን ቦታ እንደሚያጠብብ መሐንዲሶች ይናገራሉ፤ እሱ ግን የመጪው ትውልድ ጉዳይ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ስማችንን የሚያበላሹ ሰዎች መኖራቸውን ሳንጠቅስ ብናልፍ አድልዎ ይሆናል። በአዊ፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች አሲዳማ በሆነው መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ከጤፍ ጋር ይተክላሉ፤ ጤፉ ከተነሣ በኋላ ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፤ በአራት አምስት ዓመት ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ ያገገመውን መሬትም መልሰው ያርሱታል። የከሰሉ ጭስ አያሳስብም ማለት አይደለም፤ እዚያ ላይ መከራከር ይገባል። የሚያሳፍረው ግን ዛፉ ያለ ባነርና ያለ ክብር እንግዳ መጽደቁ ነው፤ ባለቤቱ ስለሚሸጠው ብቻ ይጠብቀዋል። የዘጌ ሰዎችማ ከነዚህም ይብሳሉ። ለብዙ ትውልድ በሬ ጠምደው ሳያርሱ፣ ቡናቸውን ከደኑ ጥላ ሥር እያለሙ፣ ገዳማቱን ከነዛፋቸው ሲያቆዩ፣ ስለዚህ ሥራቸው አንድም የሩብ ዓመት ሪፖርት አላቀረቡም።

የተባበሩት መንግሥታት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቋቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች፣ ከነ169 ዝርዝር ዒላማዎቻቸው፣ እስከ 2030 መሳካት አለባቸው መባሉ አንዳንዶችን አስጨንቋል። ጭንቀቱ አላስፈላጊ ነው። እኛ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር አለን፤ ቀጠሮውን እ.ኤ.አ. በሚለው ፈንታ ዓ.ም. ብለን ብንመዘግበው ሰባት ክረምት ትርፍ እናገኛለን፤ የሚጠበቅብንም የዐምናውን ባነር ዓመቱን ብቻ ለውጦ ማሳተም ነው።