ማስተካከያ፦ ስለ ጮቄና ስለ ዓባይ በረሃ ድንጋዮች
ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ከጎጃም ደጋ እስከ ዓባይ በረሃ ያለው ድንጋይ ሁሉ ከጮቄ የፈሰሰ ላቫ ነው» የተባለው እንዲህ ይስተካከል። የደጋው ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ) አብዛኛው የተነጠፈው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ከማንትል (ከምድር ቅርፊት ሥር ካለው ወፍራም የድንጋይ ንብርብር) የተነሣ ትኩስ ቁስ ምድሪቱን ከሥር ሲገፋት ላቫው በረጃጅም ስንጥቆች ወጣ። የጮቄ እሳተ ገሞራ ተራራ በላዩ የተከመረው ቆይቶ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሁለቱም ዋናውን የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ይቀድማሉ።

ከደጀን ቁልቁል የሚታየው የኖራ ድንጋይ ግን ጭራሽ የእሳተ ገሞራ ውጤት አይደለም፤ በጥንት ባሕር ወለል የተከማቸ ነው። በቀጭን አሲድ ጠብታ ይለያል፦ ኖራው ይንተከተካል፣ ባዛልቱ ዝም ይላል። ሆኖም የባዛልት የአረፋ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ በካልሳይት (የኖራ ድንጋይ በተሠራበት ነጭ ማዕድን) ስለሚሞሉ ነጩ ነጥብ ተንተክትኮ ያሳስታል። ድንጋዩን ሰብሮ ጥቁሩን ገላ መሞከር ይሻላል።